ሟቾቻችንን ከመድህን መዝገብ አውርዱልን፤ ቤተሰባቸውን ግን አታውርዱብን

ለኢትዮጵያ ጤና መድህን አገልግሎት
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን መዝገብ ላይ ስማቸው ያልተነሣ ሟቾችን ይመለከታል

ክቡራን፣

የምጽፍላችሁ ከጊሼ፣ ከራቤል ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን ዛሬ የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛም ወሎዎችም ቅሬ እንለዋለን። ማመልከቻ አዘጋጅቼ ለመዝገብ ቤት መስጠት እችል ነበር። ነገሩ ግን የአንድ ሰው አቤቱታ አይደለም፤ የራቤል ብቻም አይመስለኝም። ስለዚህ በአደባባይ ልጽፈው መረጥሁ።

የምለው አጭር ነው። በጤና መድህን መዝገብ ላይ የሞቱ ሰዎች ስም እንዳለ ተቀምጧል፤ ይነሣ። ሲነሣ ግን ሚስትና ልጆች ከሟቹ ጋር አብረው እንዳይወጡ፣ በሕይወት ያለውም በስሕተት እንዳይቀበር መላ ይበጅለት። ማን መቼ እንደሞተ የሚያውቀው ደግሞ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ያለ ኮምፒዩተር አይደለም። በየሰፈሩ ያለ የቅሬ ጸሐፊ ነው።

ባለፈው የእድሳት ወቅት አንድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የቀበሌውን ስም አልጠራም፤ የሌላውም ወግ ይኸው ነውና። ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ሰዉ ጋቢውን እንደተከናነበ ፀሐይ ያለበትን ጥግ ይዟል። የመድህን ባለሙያው የአባልነት ደብተራቸውን ያላሳደሱ አባወራዎችን ስም ይጠራል። አንድ ስም ጠራ፤ ዝም። ደገመው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ነፍሱን ይማር በል እንጂ ልጄ፣ ምን ትጣራለህ» አሉት። ሰዉ ሳቀ፤ ባለሙያውም አብሮ ሳቀ። ከዚያ እስክሪብቶውን ይዞ ወረቀቱን ሲያይ ቆየ። ወረቀቱ ያለው ሁለት አምድ ብቻ ነው፤ «አሳድሷል» እና «አላሳደሰም»። ሟቹን አላሳደሰም ውስጥ ከተተው። እንዲህ እያለ ሌሎችም ገቡ። ስብሰባው ሲያልቅ ቀበሌው ከዕቅድ በታች ነው ተብሎ ተወቀሰ፤ ኮሚቴው ቤት ለቤት እንዲቀሰቅስ ታዘዘ። የት ሄዶ ነው የሚቀሰቅሰው? መቃብር ቤት?

ይህ ቀልድ ይመስላል፤ የሚያስከትለው ግን ቀልድ አይደለም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀበሌ ስንት ቤተሰብ አለው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ስሌት ነው። በስሌት በመጣ ዕቅድ ላይ ሟች ሲጨመርበት፣ የዘመቻው ድካም ሁሉ የሌለን ሰው ፍለጋ ላይ ይባክናል። ክፍያው ነገ በተገልጋይ ብዛት፣ በነፍስ ወከፍ የሚሰላ ቢሆን ደግሞ ጤና ጣቢያው ለማያክመው ሰው ይከፈለዋል። በራስ መቁጠር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ መድህኑ በሙከራ ላይ ሳለ የክልላችን መዋጮ በነፍስ ወከፍ በወር 3 ብር እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ሌሎቹ ክልሎች በቤተሰብ ሲያስከፍሉ የእኛ በራስ ነበር። ያኔ በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲጀመር፣ ከአማራ ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ሲመረጡ፣ አባሉ ሁሉ አዲስ ተመዝጋቢ ነበርና የሟች ጥያቄ ገና አልመጣም። አሁን ግን መዝገቡ አርጅቷል። ሰውም አብሮት አርጅቷል።

ከዕቅዱና ከሂሳቡ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ የሴቶቹ ነገር ነው።

የጎረቤቴን ደብተር አይቼዋለሁ። ፊት ለፊት የአባወራው ጉርድ ፎቶ ተለጥፏል፤ ማኅተሙ ግማሹ ኮቱ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አርፏል። ከሥሩ ሚስት፣ ከእሷ ሥር ልጆች በዕድሜ ተራ። ባልየው የሞተው በሰኔ ነው፤ የዓመቱ መዋጮ ከተከፈለ ገና መንፈቅ አልሆነውም። መስከረም ላይ ትንሹን ልጅ ሳንባ ምች ያዘውና አዝላው ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄደች። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ደብተሩን ገልጦ ጥቁር መልበሷን አየና «አባወራውስ?» አላት። «አፈር ገባ» አለችው። «እንግዲያው ደብተሩን በስምሽ አዙሪና ነይ» አላት። ለማዞር የሞት ማስረጃ፣ ለማስረጃው ቀበሌ፣ ቀበሌ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ ወጥቷል። በጉን ሸጣ ከኪሷ ከፈለች። ልጁ ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ክፉ ሰው አይደለም። በሟች ደብተር ካስተናገደ ሂሳቡ ሲመረመር ውድቅ ይሆንብናል ብሎ ይፈራል። ግን መዋጮው የተከፈለው ለቤተሰቡ እንጂ ለፎቶው አይደለም። አባልነቱ የቤተሰብ ነው ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ታዲያ የቤቱ ራስ ሲወድቅ ቤቱ ከመድህን የሚወጣበት ምክንያት ምንድን ነው?

የከፋው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። ወሬው ሰፈር ውስጥ ተዳረሰና ሌሎቹ ሴቶች ትምህርት ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ባሏ የሞተባት ሴት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ጥቁሯን አውልቃ፣ «አባወራው የት አለ?» ስትባል «ቆላ ወርዷል» ማለት ጀመረች። እንግዲህ ሟች ለምን ከመዝገብ አይወጣም ብላችሁ ስታጠኑ ይህንን አብራችሁ አጥኑልኝ፤ እውነቱን የተናገረችው ከፍላለች፣ ቆላ ወርዷል ያለችው ታክማለች። ሰው ሞቱን እንዲያስመዘግብ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ማስመዝገብ የማያስቀጣ ይሁን።

በነጻ ስለሚታከሙት ስለ ድሃ ድሃዎቹም ልበል። መዋጯቸውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል፤ መልካም ነው። ብዙዎቹ ግን ጧሪ የሌላቸው አዛውንት ናቸው፤ ሞታቸው ቅርብ ነው። ሲሞቱ ደብተር የሚመልስ ቤተሰብ የላቸውም፤ እድሳቱ ደግሞ በመንግሥት ስለሚከፈል እነሱን ፈልጎ መዋጮ የሚጠይቅ የለም። ስማቸው ሳይጣራ ከዓመት ዓመት ከተሻገረ ቦታ ይዘው ይቆያሉ። ኮታ ሞልቷል የተባለችው ባልቴት ከደጅ ቆማ ሟች ከውስጥ ይታከማል። ከሁሉ አስቀድሞ መጣራት ያለበት ይህ ዝርዝር ነው ባይ ነኝ።

የሟችን ደብተር ይዞ የሚታከምም አለ። አልክድም። የወንድሙን ደብተር፣ የአጎቱን ደብተር ይዞ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ድረስ የሚሄድ አለ። ይህን ሌባ ብሎ ከመጥራት በፊት ግን አንድ ነገር ማየት ይገባል፤ አብዛኛው በምዝገባው ወቅት እጁ ላይ ብር ያልነበረው፣ ክረምት ላይ ሲታመም መዝገቡ ተዘግቶ የጠበቀው ሰው ነው። ቅጣት ያስቀረዋል ብዬ አላምንም። ደብተሩ በወቅቱ ቢዘጋ፣ ለእሱም ሌላ በር ቢከፈትለት ይቀራል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። አስመዝጋቢውንም ደርድሯል፤ ከሟቹ ጋር የሚኖር፣ እሱ ከሌለ ዘመድ፣ ዘመድ ከሌለ ጎረቤት። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው፤ በገጠር የክብር መዝገብ ሹሙ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነው። ታዲያ ለምን አይመዘገብም? የልደት ወረቀት ለልጅ ትምህርት ይፈለጋል፤ የጋብቻ ወረቀት ውጭ አገር ለሚሄድ ይፈለጋል። የሞት ወረቀት የሚፈለገው ባንክ ገንዘብ ላለው፣ ጡረታ ላለው፣ ለውርስ ክርክር ነው። ገበሬው የመሬት ደብተሩን ለማዞር ሲል ብቻ ይሮጣል። ያኔም ቢሆን የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ያወቀውን ሞት መድህን ክፍሉ አያውቀውም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ቡና አብረው ይጠጣሉ።

አሁን ወደ ቅሬው ልምጣ፤ የማውቀው እሱን ነውና ትንሽ ታገሡኝ።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል። ጥሩንባ የሰማ አባል ሁሉ ለቀብር ይወጣል፤ ቆፋሪው ይቆፍራል፣ እንጨት የሚያመጣው ያመጣል፣ ሴቶቹ እህል ይዘው ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዳሉ። የቀረ ሰው ይቀጣል። ስለዚህ ከቀብር መልስ እኔ ስም እጠራለሁ። መዝገቡ ተራ ባለ መስመር ደብተር ነው፤ ላቡም ዝናቡም ነክቶታል። የሟች ስም እስከ አያቱ፣ የሞተበት ቀን፣ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ወይም የእስላም መቃብር፣ የወጣ ወጪ፣ የቀረ ሰው። ቀኑን አልስትም፤ ብስት መቀጮ የተጣለበት ሰው አይለቀኝም፤ «እኔ ያን ዕለት ገበያ ነበርሁ» ብሎ ምስክር ጠርቶ ይሟገተኛል። የመንግሥት መዝገብ ላይ ቀን ቢሳሳት የሚከራከር የለም። የቅሬ መዝገብ ላይ ቢሳሳት የሚጮህ ብዙ ነው። ትክክለኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ጉድለቱንም ልናገር። ሕፃን ሲሞት ጥሩንባ የማይነፋበት አለ፤ ያን ጊዜ እኛ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ቅሬ ያልገባ ሰውም አለ። ለእነዚህ ጤና ኤክስቴንሽኗ ትሻላለች፤ ቤት ለቤት ስትዞር የማን ሕፃን እንደጎደለ ታውቃለች፣ የቤተሰብ ማኅደርም በጤና ኬላዋ አላት። ሁለታችን ብንደማመር የሚያመልጠን ጥቂት ነው።

ባህላዊ መዝገብ ለመንግሥት ሥራ አይሆንም የሚል ካለ ወደ አዲስ አበባ ይይ። ከ1993 ዓ.ም ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማይቱ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የማዘጋጃ ቤት መቃብሮች የሚፈጸመውን ቀብር እያስመዘገቡ የሞትን ሁኔታ ሲከታተሉ ኖረዋል። ኤድስ በዚያች ከተማ ምን ያህል ሰው እየጨረሰ እንደነበረ፣ መድኃኒቱ ከመጣ በኋላም እንዴት እንደቀነሰ የታየው በዚያ ነው። ሟቹን የቆጠሩት መቃብር ላይ ቆመው ነው። ከዚያ የቀለለ ሥራ ነው እኔ የምጠይቃችሁ።

ይሁንና ማጥራት በጥድፊያ ሲሆን አደጋ አለው። ሕንድን ተመልከቱ። የሕንድ ዋና ኦዲተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ያወጣው ሪፖርት አዩሽማን ባራት በሚባለው ታላቅ የጤና መድህናቸው ላይ ቀድሞ «ሞተዋል» ተብለው ለተመዘገቡ 3,446 ሰዎች ሕክምና ወደ 70 ሚሊዮን ሩፒ የሚጠጋ ተከፍሎ መገኘቱን ይገልጻል። ይህ አንደኛው ገጽ ነው። ሌላው ገጽ በዚያው አገር በኡታር ፕራዴሽ የሚኖረው ላል ቢሃሪ ነው። በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዘመዶቹ መሬቱን ለመውሰድ ብለው በመንግሥት መዝገብ ላይ ሞቷል አስባሉት። እሱ ያወቀው ለብድር ማስረጃ ሊያወጣ ሲሄድ ነው። ሕያው መሆኑን አስመስክሮ ወደ መዝገብ እስኪመለስ 1994 ደረሰ። እስከዚያው በእሱ መንገድ የሞቱትን አሰባስቦ የሙታን ማኅበር አቋቋመ፤ በሕይወት መኖሩ እንዲታይለት ብሎ በ1989 ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከራጂቭ ጋንዲ ጋር በምርጫ ተወዳደረ። ሰው ስሙን ለማስመለስ የማይፈነቅለው ድንጋይ የለም፤ እኛ ገበሬዎች ግን ከጠቅላይ ሚኒስትር ጋር የምንወዳደርበት ጊዜ የለንም፣ መኸር አለብን።

እኛ ዘንድ አደጋው ያው ነው፤ የመሬት ክርክር የሌለበት ቀበሌ አላውቅም። ሞክሼም ሞልቷል፤ ስሙም የአባቱም ስም አንድ የሆነ ሰው በአንድ ጎጥ ሁለት ሦስት ይገኛል። ከአያት ስምና ከሚስት ስም ውጭ አይለዩም። ስለዚህ ስም ሲነሣ ሁለት ምስክር ይጠየቅ፤ አንዱ ከቅሬው ወይም ከአጥቢያው፣ አንዱ ከጤና ኬላዋ። ሊነሡ የታሰቡት ስሞች ጉባኤ ላይ ጮክ ተብለው ይነበቡ። ሕያው የሆነ እዚያው «አለሁ» ይበል።

ስለ ጠፉት ሰዎች ደግሞ አደራ እላለሁ። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ሲደርስ፣ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህም በክልላችን ባለው ግጭት ወጥቶ ያልተመለሰ አለ። ዐረብ አገር ሄዶ ድምፁ የጠፋም አለ። እናቱ ማታ ማታ በር የምትከፍትለትን ልጅ መድህን ክፍሉ ሞቷል ብሎ እንዳይሠርዘው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ዜናው ለጠፋ ሰው የመጥፋት ውሳኔ ፍርድ ቤት መጠየቅ የሚቻለው ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው ይላል። የመድህን ባለሙያ ከዳኛ አይፍጠን። «የለም» የሚል የራሱ አምድ ይጨመርና እዚያ ይቀመጥ።

የአምድ ነገር ከተነሣ፣ ከሁሉ የቀለለውና ዛሬውኑ ሊሆን የሚችለው እሱ ነው። ከ«አላሳደሰም» ለይታችሁ «ሞቷል» የሚል፣ ቀንና ምስክር የሚጻፍበት አምድ አበጁ። ቤቱ ባዶ ከቀረ ከቀበሌው ዕቅድ ይቀነስ። አባወራው ሞቶ ቤተሰቡ ካለ ደግሞ ደብተሩ ዓመቱ እስኪያልቅ ባለበት ይሥራ፤ እማወራዋ ፎቶዋን ይዛ እድሳት ስትመጣ በስሟ ይዙር፣ ያለ ክፍያ፣ ያለ ተጨማሪ ወረቀት። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ደግሞ በዚህ መካከል ያስተናገዱት ሂሳብ ውድቅ እንደማይደረግባቸው በደብዳቤ ይነገራቸው። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ያንን ደብዳቤ መስኮቱ ላይ ቢለጥፈው ሴቶቹ ጥቁራቸውን ማውለቅ ይተዋሉ። ራቤል የተጻፈ ሪፈር ደብረ ብርሃን ሲደርስ እንዳይመለስ ደብዳቤው እዚያም ይድረስ።

ፋይዳ የተባለው መታወቂያ ሲዳረስ ይህ ሁሉ ይቀራል የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፣ አሻራ ይነሣል፣ ደግ ነው፤ ሞክሼን ይለይልናል። ግን አሻራ ሰው መኖሩን እንጂ መሞቱን አይናገርም። የሞተ ሰው ጣቱን ሊያስነሣ አይመጣም። የሆነ ሰው ሄዶ «ሞቷል» ካላለ ፋይዳውም ከነፎቶው፣ ከነአሻራው ሕያው አድርጎ ያስቀምጠዋል። መዝገቡ ኮምፒዩተር ሲገባ ሟቾቹም አብረው ይገባሉ፤ ያን ጊዜ ለማውጣት የይለፍ ቃል ያለው ሰው ከዞን መጠበቅ ሊኖርብን ነው። ስለዚህ ወደ ኮምፒዩተር ሳይገለበጥ በፊት ይጣራ።

የቅሬ ጸሐፊዎች ለዚህ ሥራ አበል አንጠይቅም። ባለሙያችሁ ሲመጣ የሚያሳየው ደብዳቤ ይኑረው፤ እኛም ለአባላቱ አስቀድመን እንነግራለን፤ ማን ለምን ስሙን እንደሚፈልግ ሰው ማወቅ አለበትና። መኸር ተሰብስቦ የእድሳቱ ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት፣ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ብትልኩት ይመቻል። መዝገቡ እኔ ቤት ነው፤ ተቀምጦ ይገልብጠው፣ በስልክ ፎቶም ያንሣው። ይዞት ግን አይሄድም። ከዚህ በፊት ለማጣራት ተብሎ የተወሰደ መዝገብ እስከ ዛሬ አልተመለሰልንም፤ የዚያ ዘመን መቀጮም ተበልቶ ቀርቷል።

ከአክብሮት ጋር
ከጊሼ ራቤል፣ አንድ የቅሬ ጸሐፊ

ግልባጭ፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ፣ ለወረዳና ቀበሌ የጤና መድህን ባለሙያዎች፣ ለየቅሬው ጸሐፊዎች